ተማሪዎቹ የካዱት ክፍል

«እናቴ፣ እዚህ ሰፈር ማታ ማታ የሚማሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ ይባላል። ያውቋቸዋል?» አላት ወጣቱ።

ዙህራ ሳምቡሳውን ከዘይቱ እያወጣች ቀና ብላ አየችው። አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል፤ ጫማው ተወልውሏል፤ ፈገግ ብሏል። ፈገግታው አላማራትም። ‹አንዱ አውርቶብኛል፤ ይሄ ሊስቅብኝ ነው የመጣው› አለች በሆዷ።

«እዚህ ካዛንቺስ? እዚህማ ያልተማረ የለም፣ ልጄ። ሌላ ሰፈር ጠይቅ።»

«አንድም ሰው?»

«አንድም! ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጫማ ሰፊው ወደ ጋሽ ነጋሲ ሄደ። ጋሽ ነጋሲም ‹የለም› በሚል ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየችና ልቧ ረጋ። እሷና ጋሽ ነጋሲ ማታ ማታ የሚማሩት አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ነበር።

ዙህራ ትምህርት የጀመረችው በእህቷ በአፍራህ ምክንያት ነው። አፍራህ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ እንዳትሰማት አትደውልም፤ በስልክ ትጽፋለች። ዙህራ ደግሞ ስልኩን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ወደ ምንዳዬ ትሮጥ ነበር። ምንዳዬ ደግ ሴት ናት፤ ምላሷ ግን ቤት አይቀመጥም። ጠዋት ያነበበችው ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ጋ ይደርሳል። አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ የወጣችውን ዙህራን አንዲት የማታውቃት ሴት «እህትሽ ከእመቤቷ ታረቀች?» ብላ ጠየቀቻት። ዙህራ በሳምንቱ ለትምህርት ተመዘገበች።

ትምህርቱ ወረዳው በሚመድበው በጀት፣ ከወረዳው አዳራሽ ጀርባ ባለች ክፍል፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይሰጣል። የሚማር ሰው ግን ለጎረቤቱ እማራለሁ አይልም። ጋሽ ነጋሲ ለቤታቸው «የእድር ኮሚቴ አለብኝ» ይላሉ። ዘበኛው ታዲዎስ «ሠርክ ጸሎት እሄዳለሁ» ይላል። ዙህራ ለምንዳዬ «ደምበል ጀርባ የታመመች አክስት አለችኝ» ብላታለች። ምንዳዬ እያዘነች ለአክስትየዋ ብርቱካን ትልካለች። ብርቱካኑ ወደ ቤት አይመለስ ነገር፣ ክፍሉ በየሳምንቱ እየላጠ ይበላዋል።

የዚያን ቀን ማታ መምህርቷ መድኃኒት አርፍዳ ገባች። ገና ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ጠመኔውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ልንዘጋ ነው» አለች። «ከወረዳው በጀት ክፍል ሰው በቀን መጥቶ ክፍሉን ዝግ አገኘው። ሰፈሩን ሲጠይቅ ‹የሚማር የለም› ተባለ። ቢሯቸው ሄጄ ‹ተማሪዎች አሉ› ብላቸው ‹ለደሞዝሽ ነው› አሉኝ። ነገ የነዋሪው የበጀት ውይይት ላይ ገንዘቡ ወደ ኮብልስቶን መንገድ ይዙር ሊሉ ነው።»

«ማነው የለም ያለው?» አለ ታዲዎስ በቁጣ።

ዙህራ ደብተሯን ገለጠች፤ ከደነች። «እኔ ነኝ» አለች።

ጋሽ ነጋሲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኧረ እኔም ብያለሁ።»

ታዲዎስ ራሱን አከከና «በር ላይ አግኝቶ ጠይቆኝ ነበር መሰለኝ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያልካደ ሰው አልነበረም። መድኃኒት ሳትወድ በግድ ሳቀች።

«እሺ፣ ነገ ስብሰባው ላይ ማን ይቆማል?» ስትል ሳቁ ቀጥ አለ። ስብሰባው ላይ ሰፈሩ ሁሉ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዙህራ ከምንዳዬ አጠገብ ተቀምጣለች። ባለ ባጁ ወጣት ባይሳ ይባላል፤ ማይኩን ይዞ ስለ መብራትና ስለ ቦይ ተናግሮ ሲያበቃ፣ «የጎልማሶች ትምህርትን በተመለከተ፣ ወርደን አጣርተናል። ነዋሪው ራሱ ተማሪ የለም ብሎናል። ለኮብልስቶን ይሁን ነው የምንለው» አለ።

ጭብጨባው ቀለጠ።

«ተቃውሞ ያለው?» አሉ ሰብሳቢው።

ዙህራ ጋሽ ነጋሲን በዓይኗ ፈለገች፤ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ታዲዎስ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። መድኃኒት በሩን ተደግፋ ከንፈሯን ነክሳለች። ዙህራ ትናንት ከእህቷ መልእክት ውስጥ ግማሹን ብቻዋን አንብባለች። ግማሹ ቀርቷል። ክፍሉ ከተዘጋ ግማሹን የምታነብላት ማን እንደሆነች ታውቃለች፤ ይኸው አጠገቧ ተቀምጣለች። ተነሳች።

«እኔ አለሁ። ተማሪ ነኝ።»

«ተቀመጪ አንቺ፣ ምን ሆንሽ?» ምንዳዬ ቀሚሷን ጎተተቻት።

ባይሳ ዓይኑን አጥብቦ አያት። «እናቴ፣ የለም ያሉኝ እኮ እርስዎ ነዎት!»

«ዋሽቼህ ነው፣ ልጄ። ወላሂ አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሀ ሁ እቆጥራለሁ ብዬ ለማላውቀው ሰው ልናገር?»

«ቆይ፣ ቆይ» ብላ ምንዳዬም ተነሳች። «አክስትሽስ?»

«አክስት የለኝም፣ ምንዳዬ።»

«አክስት የለሽም! ታዲያ ያን ሁሉ ብርቱካን ማን በላው?»

አዳራሹ እጥፍ ብሎ ሳቀ። ከወደ ኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ «እኛ ነን!» አለ። ጋሽ ነጋሲ ናቸው፤ ቆመዋል። «እኔም በልቻለሁ» ብሎ ታዲዎስ ተነሳ፤ የጫማው ክር አልታሰረም። ከግራ አንዲት ሴት፣ ከመሃል ሁለት፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ ሽማግሌ ቆሙ። «እኛ ነን! እኛ ነን!» አንዱ ባል ሚስቱን ቀና ብሎ እያየ አፉን ከፍቶ ቀረ። መድኃኒት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና እያለቀሰች ትስቃለች።

«በቃ፣ ተማሪ ፍለጋ ወጥቼ ተማሪ ጋ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ ማለት ነው» አለ ባይሳ። ማይኩ ክፍት መሆኑን ረስቶታል፤ ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

«ኮብልስቶኑስ?» አለ አንድ ሰው።

«ድንጋይ የትም አይሄድ!» አለችው ምንዳዬ። ከዚያ ወደ ዙህራ ዞራ፣ «አንቺና እኔ ቤት እንገናኛለን» አለቻት። ሰብሳቢው ትምህርቱ ይቀጥል የሚሉ እጅ ያውጡ ሲሉ ግን ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች። ከዚያ የወጣው እጅ ብዛት ማይኩን የያዘውን ባይሳን ጋረደው።

በሳምንቱ የወረዳው ምክር ቤት የትምህርቱን በጀት ለዓመቱ አጸደቀ። በቀጣዩ ሰኞ መድኃኒት ክፍሉን በሰዓቱ ከፈተች፤ ዙህራም ሳምቡሳዋን ቀደም ብላ ሸጣ ገባች።