እሷ አትጎዳም

ኃይለሚካኤል ነገሌ ቦረና የፊዚክስ አስተማሪ ሆኖ ሦስት ዓመት ሲቆይ፣ ስለ ፀሐይ ሲያወራ ሰምቶ የማይሰለቸው አንድ ሰው ብቻ አገኘ። የሥራ ባልደረቦቹማ ገና ሲጀምር ሻይ ቤቱን ጥለውለት ይወጣሉ። ያ ሰው አባ ጉዮ ነበሩ። ሽማግሌው አያንቱ ናቸው፤ ከዋክብትን አይተው ቀን የሚለዩ፣ የሰርግ ቀን እንኳ እሳቸው ሳይጠየቁ የማይቆረጥ።

በ1972 የካቲት፣ ጨረቃ ፀሐይን ልትጋርድ ሳምንት ሲቀራት፣ የልቡን ነገራቸው። ከፀሐይ ማንም አይቷት የማያውቅ ቅንጣት ትወጣለች ይባላል፤ ግድግዳም ጨረቃም አያግዳትም። እሱ የራጅ ፊልም በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ፣ ቆርቆሮ ውስጥ አሽጎ፣ ጨረቃ ብርሃኑን ስትጋርድ ወደ ፀሐይ ሊያነጣጥረው ነው። ፊልሙ ላይ ነጥብ ከተገኘ አገኛት ማለት ነው።

«በሰውም ውስጥ ታልፋለች?» አሉ አባ ጉዮ።

«በዓይንዎ ብታልፍ እንኳ እሷ አትጎዳም» አላቸው። እሷ ያለው ቅንጣቷን ነበር።

ቀኑ ደረሰና ረፋድ ላይ ፀሐይ ማጭድ መሰለች። ኃይለሚካኤል ቆርቆሮውን በሁለት እጁ እንደያዘ ዘወር ቢል፣ አባ ጉዮ አንጋጠው በባዶ ዓይናቸው ያዩዋታል። ጩህ ጩህ አለው። ግን ቆርቆሮው እንዳይነቃነቅ ሰጋ፤ አሁን ይተዋሉ ብሎ ራሱን አታለለ። አልተዉም።

ፊልሙ ሲታጠብ ባዶ ሆኖ ወጣ።

በአምስተኛው ቀን አባ ጉዮ ፊታቸው በደስታ በርቶ መጡ።

«አካም፣ ባርሲሳ!» አሉ፤ ደህና ነህ አስተማሪ ማለታቸው ነው። «አንተ በቆርቆሮ ፈለግህ፣ እኔ በዓይኔ ያዝኳት። ጥቁር ነጥብ ናት። የማየው ነገር ሁሉ ላይ ቀድማኝ ትቀመጣለች። ትናንት ማታ ቡሳን የሚባሉትን ከዋክብት ልመለከት ብል ሸፈነችብኝ። መቼ ነው የምትለቀኝ?»

ኃይለሚካኤል ነጥቧ ምን እንደሆነች ገባው። አዎ፣ እሷ ናት ብሎ መሸኘት ይችል ነበር፤ አፉ ላይም መጥቶ ነበር። አፈረ።

«አባ ጉዮ፣ አትጎዳም ያልኩዎት ቅንጣቷን እንጂ ፀሐይን አልነበረም። ፀሐይ ዓይን ታቃጥላለች። ሲያዩዋት ደግሞ አይቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌው የኃይለሚካኤልን ፊት በነጥቧ ዳር ለማየት አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ነገ የሰርግ ቀን ሊጠይቁኝ ይመጣሉ» አሉ። «ማታ ውጣና ጨረቃ ከቡሳን የት እንዳለች እይልኝ። አንተ ዓይን አለህ።»