የአባቴ ምርቃት

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ፣ ፊርማው የእኔ፤ ከሥሩ ሔርሜላ ኦይታ ይላል። ስለዚህ ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልውቀስ።

መንደራችን ከአርባ ምንጭ በላይ ደጋው ላይ ናት። ጉባኤው የተደረገው ዱቡሻ በምንለው፣ ሽማግሌዎች በሚመክሩበት ሜዳ ነበር። ሎጅ ሊሠሩ የመጡት ሰዎች ከሜዳው ጀርባ ያለውን ጫካ ፈለጉት። አባያም ጫሞም ከዚያ ወለል ብለው ይታያሉ፤ ለቱሪስት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም አሉ። እኛ ግን ከዚያ ጫካ ደረቅ እንጨት እንኳ አንለቅምም። አያቶቻችን የተቀበሩት እዚያ ነው። እናቴም እዚያ ናት።

ሕግ የተማርኩ የአገሩ ልጅ ነኝና እንዳስተረጉምና ቃለ ጉባኤ እንድይዝ እንግዶቹ ጠየቁኝ። ኮራሁ፤ ምን ይደረግ! አባቴ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጦ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሌሎቹም ዝም። በእኛ ዘንድ ከባድ ነገር ሦስት ጊዜ ይቀመጡበታል፤ በመጀመሪያው ይሰማል፣ በሁለተኛው ይከራከሩበታል፣ በሦስተኛው ይቆረጣል። ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር፤ ገለጻው ሲያበቃ አባቴ እርጥብ ሣር ይዞ ተነሣና እንግዶቹን መረቀ። «መንገዳችሁ ይቅና፤ ቤታችሁ ይሙላ» አላቸው። እንግዳ ሳይመረቅ አይሸኝም።

እኔም «ሕዝቡ ገለጻውን ሰምቶ፣ ሽማግሌዎች መርቀው ጉባኤው ተፈጸመ» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ነገሩ በቀጠሮ እንዳደረ ግን አልጻፍኩም። ይህን የማያውቅ ማን አለ ብዬ!

ሁለተኛው ቀጠሮ ሳይደርስ ዶዘር መጣ።

ሽማግሌዎቹ ሣር ይዘው ዶዘሩ ፊት ሊንበረከኩ ተነሡ። ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ የሚሄድ በእኛ ዘንድ የለም። ያስቀረኋቸው ግን እኔ ነኝ። «አባዬ፣ ተው፤ የዓለም ሕግ አለልን» አልኩት። ነባር ሕዝቦች አስቀድመው አውቀው፣ በነጻ ፈቃዳቸው ካልተስማሙ መሬታቸው እንዳይነካ የሚለውን የተባበሩት መንግሥታት መግለጫ ከአቤቱታ ጋር አያይዤ ለዞኑ አስተዳደር አስገባሁ። አባቴም አመነኝ፤ ሣሩን አስቀመጠ።

በአሥራ አንደኛው ቀን መልስ መጣ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ባዩሽ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ዓይኔን ማየት አልቻለችም። «ማኅበረሰቡ መርቆ የተቀበለው ስለሆነ አቤቱታው ውድቅ ተደርጓል» ይላል። ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው የእኔው ቃለ ጉባኤ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ይግባኝ ጻፍኩ። ይግባኙ ሳይታይ ጫካው አለቀ።

ቅዳሜ ወደ መንደር ወጣሁ። አባቴ ዱቡሻው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ጉቶዎቹን ያያል። ቃለ ጉባኤውን እንዳነብለት ጠየቀኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩለት።

«ልክ ነው» አለ። «መርቄያቸዋለሁ።»

«አባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንቺማ ያየሽውን ነው የጻፍሽው።» ወደ ጉቶዎቹ ዞር አለና፣ «እናትሽን ግን አሁን በምን ልለያት? ምልክቷ ዛፉ ነበር» አለኝ።

አለቀስኩ፤ እሱም አላባበለኝም።

ወደ ከተማ ልወርድ ስነሣ እንደ ልማዴ ራሴን ዝቅ አደረግኩለት። ከተማሪነቴ ጀምሮ ሳይመርቀኝ ሸኝቶኝ አያውቅም። እጁን አነሣ። ጠበቅኩ። እጁ ራሴ ላይ ሳያርፍ ተመለሰ።

«ፈራሁ፣ ልጄ» አለኝ። «ምን ብለው እንደሚጽፉት አላውቅም።»