አንቺ ያሏት ዕለት

ፕሮፌሰር ኦልደሆፍ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላውን ጀማሪ ተማሪ እንኳ «እርስዎ ቀመሩ ላይ ተሳስተዋል» ነው የሚሉት። ከምርምር ቡድናቸው አባላት ጋር ግን አንተ፣ አንቺ ይባባላሉ። ዊብከ ሃርምስ በጀርመኑ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በተማረችባቸው ዓመታት ይህን ልብ ብላለች። ስለዚህ ትናንት ደረጃው ላይ አግኝተዋት «የመመረቂያ ጽሑፍሽን አነበብኩት፤ ጥሩ ሠርተሻል» ሲሏት ቡድናቸው ውስጥ ያስገቧት መሰላት።

ለማስተርስ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋታል፤ ሙኒክና እዚሁ ጎቲንገን። የሙኒኩ ትምህርት ሰፊ፣ መምህራኑም ብዙ ናቸው። እሷ የምትፈልገው ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ የስበትና የኳንተም ሕግ ሲዋሃዱ ጊዜ ከቀመሩ ውስጥ ለምን ይጠፋል? እሷ እስከምታውቀው ድረስ በዚህ ጥያቄ ተማሪ የሚይዙት ኦልደሆፍ ብቻ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ለሙኒክ «አልመጣም» ብላ ላከች።

ምሳ ሰዓት በተማሪዎች ምግብ ቤት ለሄኒንግ ነገረችው። ሄኒንግ አምና በኦልደሆፍ ሥር ጽሑፉን ሠርቶ ወደ ሌዘር ላቦራቶሪ የዞረ ጓደኛዋ ነው። ድንቹን በሹካ እየፈረከሰ ሳቀ።

«እኔንም እኮ አንተ ብለውኛል።»

«መቼ?»

«ሲያሰናብቱኝ። ውጤቴን ሰጡኝና ‹በል ሄኒንግ፣ ይቅናህ› አሉኝ። ሰውዬው አንተ የሚሉት ወይ ያስጠጉትን ነው፣ ወይ የተገላገሉትን።»

«አትቀልድ።»

«ምን እቀልዳለሁ? ሄደሽ ጠይቂያቸዋ።»

ምግቧን ትታ ወደ ቢሯቸው ሄደች። ኦልደሆፍ መጽሐፎቻቸውን ከመደርደሪያ እያወረዱ ካርቶን ውስጥ ይከቱ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ ማስተርሴን ከእርስዎ ጋር…»

እጃቸው ቆመ። «አልነገሩሽም እንዴ? መጋቢት ላይ ጡረታ እወጣለሁ። አዲስ ተማሪ አልይዝም። ሙኒክ ትሄዳለች ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺ ያልኩሽም ከእንግዲህ ፈታኝሽ ስላልሆንኩ ነው። አንቺም አንተ በይኝ፤ ስሜ ኤክሃርት ነው።»

ኮሪደር ወጥታ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ደወለች።

«ቦታዎን ጠዋት ለተጠባባቂ ሰጠነው» አለች ስልኩን ያነሳችው ሴት።

«ተሳስቼ ነበር።»

«ይገባኛል። ለሚቀጥለው ዓመት ያመልክቱ።»

ዊብከ ግድግዳውን ተደግፋ እንደ ስሌት እያንዳንዱን እርምጃ መረመረች። እርምጃዎቹ አልተዛነፉም፤ ስህተቱ መነሻው ላይ ነው። ከአንዲት ቃል ተነስታ የወደፊት ሕይወቷን አስልታለች። ሌላ የምትደውልለት ሰው ፈለገች፤ አጣች። ተመልሳ ገባች።

«ሙኒክስ?» አሉ ኦልደሆፍ።

«አመለጠኝ።»

ጠረጴዛቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ባልደረባዬን ፎስን ላናግርልሽ? ሥራው በብረት ውስጥ ስላሉ ኤሌክትሮኖች ነው፤ ደህና ቡድን አለው።»

«እሱን አልፈልግም።»

«አውቃለሁ።»

«እስከ መጋቢት ድረስ ጥያቄውን ከእርስዎ ጋር መጀመር አልችልም?»

አንተ ማለት አልሆነላትም። እሳቸውም አላረሟትም።

«መጀመርማ ማንም ይጀምራል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስጀምረው ነው የኖርኩት። ከዚያ በኋላ ማን ያይልሻል?»

«ማንም የለም?»

«እዚህ ማንም የለም።»

ዊብከ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብትነሳ የምትሄድበት አልነበራትም።