ኮዱ የሚመጣበት ስልክ

ከዋቅጅራ አፍ እጁ ይቀድማል። ሃያ ሁለት አካባቢ በሚሠራ ፎቅ ላይ ፌሮ ሲያጥፍ የሚውል እጅ ነው፤ ሰው ላይ ሲያርፍ ምሕረት የለውም።

ያን ቀን ከልጁ ከናኦሚ ጋር የመንግሥት ትምህርት ቤቷ ቢሮ የመጣው የአራት ዓመት ውጤቷን አሳትሞ ሊያስልክ ነበር። የተቀበላት ነርሲንግ ኮሌጅ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰው ቦታዋን ለሌላ ይሰጣል።

ውጤቱ ግን ቢሮው ውስጥ የለም። አምና «ሁሉም ክላውድ ላይ ገብቷል» ተባለና የወረቀት መዝገቡ እንዳለ ለቆራሌው ተሰጠ። አሁን ሁሉ ነገር ያለው በአንድ የግል ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው፤ ለመክፈት ኩባንያው በስልክ የሚልከው ኮድ ያስፈልጋል። ስልኩ ደግሞ የአይሲቲ መምህሩ የእዝራ ነው። አካውንቱ ሲከፈት አለቆቹ «ለጊዜው ያንተን ቁጥር አስገባ» አሉት፤ በዚያው ቀረ።

እዝራ ከረፋድ ጀምሮ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። «ኔትወርክ ነው ጋሼ፤ ትንሽ ይታገሡኝ።»

ዋቅጅራ ስለ ኮድ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። የሚያየው ልጁ ስታለቅስ፣ መምህሩ ስልክ ሲነካካ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ደሙ ፈላ።

«የልጄ ዕድል እየሞተ አንተ ስልክህን ትጎረጉራለህ?»

«ጋሼ፣ ይኸው መጣ...»

አላስጨረሰውም። ኮሌታውን ጨምድዶ ከግድግዳ ጋር አላተመውና አፍንጫውን በቡጢ አፈረጠው። የእዝራ ሸሚዝ በደም ራሰ። እዝራ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲከላከል ዋቅጅራ ባሰበት።

«አሁንም አትለቀውም!»

ክንዱን ጠምዝዞ ስልኩን ነጠቀውና ሲሚንቶው ላይ ከሰከሰው። አልበቃውም፤ በሴፍቲ ጫማው ተረከዝ ረገጠው፣ ደገመው፣ ደቀደቀው። ጥበቃዎቹ ተጋግዘው ሲጎትቱት እንኳ ይራገጥ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ያፈሰሰው አባት ነው፤ የለቀመችው ናኦሚ ናት። ከስብርባሪው መሀል ሲም ካርዱን አገኘችው፤ ለሁለት ተከፍሏል።

«አባዬ፣ ኮዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነበር» አለች። «መጥቶልን ነበር እኮ።»

ዋቅጅራ ደም የነካውን እጁን ኪሱ ከትቶ የራሱን ስልክ አወጣ። «በኔ ይላኩት! እንኩ፣ በኔ ይላኩት!»

ማንም አልተቀበለውም። ፖሊስ እስኪመጣ ጥበቃዎቹ ክንዱን ይዘውት እንደቆሙ አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ።