ጭቃው ወደ ጋራው ሲመለስ

የከተማው ሰው ቧንቧ ከፍቶ ሻይ የመሰለ ውሃ ሲቀዳ የሚያማው እሷን ነበር። የግድቡ ኃላፊ እሷ ናት፤ ታዲያ ሌላ ማንን ይማ? ገበያ ስትወጣ ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር «ዛሬስ ስኳሩን ረስታችሁታል» እያለች ትቀልድባታለች። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን ቧንቧዋን ከፍታ የውሃውን መልክ ታያለች።

ጥፋቱ የቧንቧው አልነበረም። ግድቡ በደለል ተሞልቷል። ከግድቡ በላይ ያለው ጋራ፣ እሷ ከመወለዷ በፊት፣ ሰማይ የማያሳይ ደን ነበር አሉ። ከተማው ሲቆረቆር ግድቡም ተሠራ፤ የቤቱ ምሰሶ፣ ጣሪያው፣ ማገዶው ሁሉ ከዚያ ጋራ ወረደ። ዛፉ ሲያልቅ ተራው የአፈሩ ሆነ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጋራው እየከሳ፣ ግድቡ እየወፈረ ሄዶ፣ ላይ ድንጋይ፣ ታች ጭቃ ብቻ ቀረ። ከፓምፕ ቤቱ መስኮት ቁልቁል ስታይ የውሃ መለኪያው ዘንግ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይታያታል።

በዚያ ዓመት በጋው ጠንከር ሲል ውሃውን ዝቅ አድርገው ደለሉን እንዲዝቁት ተወሰነ። ኤክስካቫተር መጣ፣ ገልባጭ መኪናዎች መጡ። ጭቃው የት ይደፋ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አጣ። የቆሻሻ መጣያው ቦታ ጢም ብሏል። ከታች ያሉት ሰፈሮች ደግሞ ገና ሽታው ሳይደርሳቸው አፍንጫቸውን ይዘው አቤት ብለዋል። እሷ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባችና ጭቃው ወደ መጣበት ጋራ ይመለስ አለች።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሏቸው ነበር። ኮስተር ብላ ስትቀመጥ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የአንድ ክረምት ዕድሜ ነው ያለው» አሏት። «ሽቅብ ያጓጓዝሽውን ዝናቡ ቁልቁል ያመጣልሻል። ያኔ እኔም አንቺም ሥራ ፈላጊ እንሆናለን።»

«እርከን እንሠራለታለን። ድንጋይ እንደሆነ እዚያ ሞልቷል» አለች። «አፈሩ የዚያ ነው፤ ሌላ ቤት የለውም።»

ሥራ አስኪያጁ አላመኗትም፤ ሌላ መላ ግን አልነበራቸውም። እያቅማሙ ፈቀዱ።

ያን በጋ ጋራው ላይ ያልወጣ ጉልበት የለም። ድንጋይ ፈላጮች፣ ግንበኞች፣ ሥራ ያጡ የሰፈር ልጆች ተሰለፉ፤ ወገብ በመቀነት እንደሚታሰር ጋራውን እየዞሩ እርከን በእርከን አሰሩት። ገልባጭ መኪናዎቹ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ጭቃውን ይደፋሉ። ከሹፌሮቹ ሁሉ የሚዘገየው አንዱ «አውሮፕላን» የሚል ስም ወጥቶለታል። ቢያሾፉበትም ቅር አይለውም፤ እሱ የደፋው ጭቃ ግን አንዴም ከእርከኑ አልፎ አያውቅምና ገደላማውን ቦታ ሁሉ ለእሱ ሰጡት።

የከተማው ሰው መሳቂያ አገኘ። ጋራውን ሊጥ ለመቀባት ነው ወይ የሚል ነበር። እቤት ደግሞ አማቷ አሉ። ባሏ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ቤቱን የያዙት እሷና አማቷ ናቸው፤ አማቷ ደግሞ ተኝተው ካልሆነ ዝም ሲሉ ታይተው አይታወቁም። ጎረቤቱ፣ ሬዲዮው፣ የደረጃው አምፖል፣ ሁሉም ከእሳቸው አስተያየት አያመልጥም። ማታ ማታ ቦት ጫማዋን በር ላይ ስታወልቅ ቆመው ያይዋታል።

«ጭቃውን ከግድቡ አወጣሁ ስትይ ወደ ሳሎኔ ማለትሽ ነው?» አሏት አንድ ቀን።

«ትንሽ ነች፣ እማማ፤ እጠርጋታለሁ።»

«የጋራውም እንዲሁ ትንሽ በትንሽ ነው የወረደው» አሉና የወለሉን መጥረጊያ አቀበሏት።

በጋው ሊያልቅ ሲል ኤክስካቫተሩ ከግድቡ ወለል ደረሰ። እስከዚያ ሲወጣ የነበረው ጭቃ ቀይ ነው፤ የመጨረሻው ግን እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ። የቆሻሻ ሳይሆን የበሰበሰ ቅጠል ሽታ አለው። ኃላፊዋ እጇን ሰድዳ ዘገን አደረገችው፤ ለስላሳ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ደኑ መቆረጥ ሲጀምር መጀመሪያ የወረደው፣ የጋራው የላይኛው አፈር መሆኑ ነው። ከሁሉም በላይ እንዲሆን አዘዘች፤ ቀዩ ከታች፣ ጥቁሩ ከላይ ተደርጎ ተነጠፈ። ጋራውን በዛፍ እንዲሸፍን የተጠራው፣ ኮሌጅ የሚያስተምረው የደን ባለሙያ በዚያ ዓመት በቂ ችግኝ ስላልነበረው፣ አፈሩ ዘንድሮ ይርጋ፣ ለከርሞ እንተክላለን ብሎ ቀጠራት። ስለዚህ ማንም አንዳች ነገር አልተከለበትም።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለው ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ቢሮ ሳለች ነው። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ብዕሩ ከእጇ ወደቀ። ካፖርቷን እንኳ ሳትደርብ ጅረቱ ወደ ግድቡ ወደሚገባበት ቦታ ሮጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ጅረት ዝናብ በጣለ በደቂቃ ውስጥ ቀይ ሆኖ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ እያጓራ የሚወርድ ነው። ቆማ ጠበቀች። ዝናቡ ጸጉሯን አልፎ ጀርባዋ ላይ ይፈስሳል፤ ጅረቱ ግን ጸጥ እንዳለ ነው። ጋራው የሚወርድበትን ዝናብ ሁሉ እየጠጣ ነበር። ብዙ ቆይቶ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ውሃው ቀስ እያለ መጣ። ጎንበስ ብላ እጇን ከተተችበት፤ ከውሃው ስር ጣቶቿን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

ክረምቱ ሲጋመስ የደን ባለሙያው ደውሎ ቶሎ ነይ አላት። ምን ተፈጠረ ብትለው፣ መጥተሽ እዪው አላት። እርከኑ ፈረሰ ብላ ደነገጠች። አውሮፕላን መኪናውን አስነስቶ ወሰዳት፤ በዚያች ቀን ግን ዝግተኛነቱ አንጀቷን አሳረራት።

እርከኑ አልፈረሰም። የደን ባለሙያውን ጥቁሩ አፈር ላይ ተንበርክኮ አገኙት። ዙሪያው አረንጓዴ ነው። ሩቅ ሆና ሣር ነው ብላ ነበር፤ ቀርባ ስታይ ሣር ብቻ አይደለም። ሁለት ሁለት ቅጠል ያወጡ፣ ግንዳቸው ቀላ ያለ ቡቃያዎች ከእርከን እርከን፣ እስከ ጋራው ትከሻ ድረስ ተሰልፈዋል። የተከላቸው ሰው የለም።

ባለሙያው አንዱን ከነሥሩ አንስቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ሥሩ ላይ የተሰነጠቀ የዘር ቅርፊት ተጣብቆበታል፤ በጥፍሯ ብትጫነው እንደ ጠጠር ጠነከረባት።

«ይሄን ዛፍ የማውቀው በደረቀ ቅጠል ብቻ ነው፤ ቤተ ሙከራችን ውስጥ መስታወት ስር አለ» አላት፤ ድምፁ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳለ ሰው ዝቅ ብሏል። «በሕይወት ያለ አንድም የለም ብለን ነበር የምናስተምረው።»

ዘሩ ደኑ ሲቆረጥ ከአፈሩ ጋር ወርዶ፣ አየር በማይገባው ጭቃ ውስጥ፣ ከውሃው በታች ተኝቶ መኖሩን አስረዳት። የኤክስካቫተሩ ጥርስና መኪናው ላይ አብሮ የተጫነው ድንጋይ ቅርፊቱን ጫር ጫር አድርጎለታል፤ ፀሐይና ዝናብ ሲያገኝ ነቃ። ከተማው ሁሉ ለዓመታት ሲጠጣው የኖረው ውሃ ከሥሩ አንድ ደን አስተኝቶ ኖሯል። እሷም በየቀኑ ከፓምፕ ቤቱ መስኮት ስታየው ጭቃ ብቻ ይመስላት ነበር።

ወሬው በአንድ ጊዜ ከተማውን አዳረሰ። ሥራ አስኪያጁ በአዲስ ጫማ ጋራውን ወጥተው፣ ጫማቸውን ረስተው ጭቃው መሃል ቆመው ቀሩ። ፍየል ያላቸው ጎረቤቶች ሳይነገራቸው ፍየላቸውን ሰበሰቡ። ድኩላ ግን ማን ይሰበስባል? ከየት እንደመጣች ያልታወቀች አንዲት ድኩላ ጠዋት ጠዋት ቡቃያውን ስትቀነጥስ ትታይ ጀመር። ኃላፊዋ አጥር እናጥር ስትል ባለሙያው ሳቀ፤ ለድኩላዋም ጭምር ነው የበቀለው አላት።

አማቷ ነገሩን ሲሰሙ አላመኑም። ውሰጂኝና ልየው አሉ። አንድ እሁድ አውሮፕላን ጋቢናውን ወልውሎ መጣ፤ ሴትየዋ መንገዱን ሙሉ ስለ አነዳዱ፣ ስለ መቀመጫው፣ ስለ ጉድጓዱ ሲናገሩ ሄዱ። ጋራው ላይ ሲወርዱም እያወሩ ነበር። ከዚያ ቡቃያዎቹን አዩ።

አማቷ ዝም አሉ።

ምራታቸው መጀመሪያ ያመማቸው መስሏት ክንዳቸውን ያዘች። እሳቸው ግን ቀስ ብለው የእርከኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አንዷን ቅጠል በጣታቸው ጫፍ ነኩ። ቅጠሏን ሳይቆርጡ አሿት፤ ጣታቸውን አሸተቱ። ደጋግመው አሸተቱ።

«ሻኩራ» አሉ በመጨረሻ። «ልጆች ሆነን ሻኩራ ነበር የምንለው። ፍሬው ሲደርቅ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል፤ ጋራው በሙሉ ይንሿሿ ነበር። እናቴ ስትጠራኝ አልሰማትም ነበር።»

ምራታቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸውንም ያዘች።

«አልቋል ብለን ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ የመጨረሻዋ ሰሚ ብዬ፣ ለማንም አላወራሁትም።»

ካፊያ ጀመረ። አውሮፕላን መንገዱ ሳይንሸራተት እንውረድ አለ፤ ሁለቱም የሰሙት አልመሰሉም። ኃላፊዋ ነጠብጣቦቹን ታይ ነበር። እያንዳንዷ ጠብታ ጥቁሩ አፈር ላይ ታርፋለች፣ ትንሽ ታበራለች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ትሰምጣለች፤ አንዲትም ቁልቁል የምትሮጥ አልነበረችም። እንዲህ ያለ ነገር ጋራው ሙሉ ላይ፣ አሁን፣ በአንድ ጊዜ እየሆነ ነበር። አውሮፕላን ሞተሩን አጠፋና ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገባቸው ቆመ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከጋራው አልወረዱም።