እነሱ ናቸው የገመቱት

በለጡ ካህናትን የምትንቀው ሃይማኖት ስለሌላት አልነበረም። ከካህን ቤት ስለተወለደች ነው። አባቷ ቄስ፣ አያቷ ቄስ፣ ባሏ ቄስ፤ ጥምጣም ሲጠመጠም ብቻ ሳይሆን ሲታጠብም አይታዋለች። ከእንጦጦ ማርያም በስተምሥራቅ፣ ባሕር ዛፉ መሀል በተሸጎጠችው ትንሽ ደብር የሚያገለግሉትን አንድ በአንድ ትንቃቸው ነበር፤ አንዱን ለሆዱ፣ አንዱን ለምላሱ፣ ሌላውን ደግሞ ቅዳሴ ላይ እያንቀላፋ ድግስ ላይ ስለሚነቃ። የደብሩን አለቃ፣ አለቃ ወልደሰንበትን ግን ለይታ ሳይሆን ሙሉ ለሙሉ ነበር የምትንቃቸው።

ምክንያትም አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀውባታል።

ከሚስቱ ጋር ያደረ ቄስ መቅደስ አይገባም። ይህ ሕግ ነው፤ በለጡም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ባሏ ቄስ ወልደ ኢየሱስ ደግሞ በነዚያ ሁለት ዓመታት፣ ተራቸው ደርሶ ልብሰ ተክህኖ ሊለብሱ ሲገባ፣ «ዛሬ አልገባም» ብለው ውጭ ከሕዝቡ ጋር ቆመው የሚያስቀድሱበት እሑድ እየበዛ ሄደ። ቄስ «አልገባም» ካለ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ይገመትለታል።

እሷ ደጁን ተሳልማ ስትመለስ አለቃ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ «እንዴት አደርሽ በለጡ? ቄሳችንን ዛሬም ነፈግሽን?» ይሏታል። ከኋላቸው ያሉት ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ይሰበስባሉ። የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች ሳይቀሩ «እሷስ ታድላ!» ማለት ጀመሩ። ሃምሳን ያለፈች፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። እሷና ቄሱ ጀርባ ለጀርባ ተኝተው የሚነጋገሩት ድንቹን ስለመታው ውርጭ ነው፤ ከሌላው ነገር ከተሰናበቱ ቆይተዋል።

«ምን አድርጌያቸው ነው የሚስቁብኝ?» ብላ ባሏን ጠየቀቻቸው።

«ተያቸው፣ ሥራ ፈቶች ናቸው» አሉ ቄሱ።

ሥራ ፈትነታቸውን አሳምራ ስለምታውቅ አመነች።

ሌላም ያመነችው ነገር ነበር። ቄሱ የውስጥ ልብሳቸውን ራሳቸው ወንዝ ወርደው ማጠብ ጀምረው ነበር። «ለትሕትና ነው» አሏት። በዚያ ሰፈር ወንድ ልጅ ወንዝ ወርዶ ጨርቅ ሲያጥብ ታይቶ አይታወቅም፤ በለጡ ከት ብላ ሳቀችና «በስተርጅና ሊመነኩሱብኝ ነው» ብላ ተወችው። ሲከሱ ጾሙ ነው አለች። ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ኮሶ ጠጡ፤ አልሻላቸው ሲል ደገሙት። እሷም ኮሶውን ወቅጣ ሰጠቻቸው። ይህን በኋላ ባሰበችው ቁጥር እጇን መቁረጥ ያምራት ነበር።

በሰባ ስድስት ክረምት፣ ቄሱ ድንቹ ማሳ ላይ ወደቁ። ጎረቤት ተረዳድቶ ቤት አስገባቸው። በለጡ ጭቃውን ልታጥብላቸው ልብሳቸውን ስታወልቅ የታጠቁትን ጨርቅ አየች። ጨርቁ ደም ብቻ ነበር።

«ኪንታሮት ናት» አሉ ቄሱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ኪንታሮት ሰው አይጥልም» አለች።

ለሐኪም ቤት የቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጉደታ ነው፤ ከአብዮቱ በፊት ሾላ ገበያ የሰው በግ እየነዳ የሚውል፣ አሁን ጓድ ካላሉት የማይሰማ ሰው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ስለደረሰ መንገድ ዳር ያለው አጥር ሁሉ ቀለም ይቀባ ነበር፤ ጉደታንም እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ሆኖ ነው ያገኘችው።

«እማማ በለጡ፣ በዓሉ ይለፍና ይምጡ» አላት። «ደግሞ ቄስ በጸሎቱ አይድንም እንዴ?»

«አንተም በስብሰባ አልዳንክም» አለችው። «በል አጥርህን ቅባው፤ ከውጭ ለሚያየው ያምራል። ወረቀቴን ግን ሳትፈርም ከዚህ አልነሳም።»

እግሯን ዘርግታ በሩ ላይ ተቀመጠች። የሚገባና የሚወጣው ሁሉ እየተሻገራት አለፈ። ቀትር ሲሆን ጉደታ ፊርማውን ሞነጫጭሮ፣ ቀይ ጣቱን አትሞበት ወረወረላት። አንስታ አራገፈችውና አመሰግናለሁ ሳትል ሄደች።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ከሩሲያ በቅርቡ የተመለሰ፣ እንቅልፍ ያጣ። በለጡ ልትንቀው ተዘጋጅታ ሄዳ ነበር፤ ግን እጁን ታጥቦ፣ ቄሱን «አባቴ» ብሎ ቀስ አድርጎ ሲነካቸው ስታይ ተወችው። ምርመራው ብዙ ቀን ፈጀ። በመጨረሻው ቀን እሷ ባለችበት ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ደሙን መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?»

ቄሱ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ሁለት ዓመት ይሆነዋል» አሉ።

ሐኪሙ በለጡን ወደ መተላለፊያው አወጣት። ነቀርሳ ነው አላት፣ ትልቁ አንጀት ላይ፤ ጉበታቸውንም ይዞታል። አንጀቱ ሊዘጋ ስለሆነ ሆዳቸው ተከፍቶ በጎናቸው በኩል መውጫ ይሠራላቸዋል፤ ጥቂት ወራት ያለ ስቃይ ይኖሩ ይሆናል። በጊዜ ቢመጡ ኖሮ ሌላ ነበር። «ለእሳቸው ግን አይንገሯቸው፤ ተስፋ ይቆርጣሉ» አለ።

«እሱ ሁለት ዓመት ሲደብቀኝ ኖረ፤ አሁን ደግሞ እኔ ተራዬን ልደብቀው?» አለች በለጡ።

ሁለት ዓመት የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። ሳቁ የጀመረውም ያኔ ነው። እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በወሰዳቸው ታክሲ ውስጥ፣ ቄሱ ጋቢያቸው ውስጥ ተሸጉጠው፣ እሷ ወደ ፊት እያየች ጠየቀች።

«ደም የሚፈሰው ቄስም መቅደስ አይገባም፤ አይደል?»

«አይገባም» አሉ።

«ለዚህ ነው የምትቀረው የነበረው?»

ሠላሳ አምስት ዓመት «እርስዎ» ስትላቸው ኖራለች። ባለታክሲው እንኳ በመስታወቱ ቀና ብሎ አያት። ቄሱ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እና ምን አልካቸው?»

«ምንም አላልኩም በለጡ። እነሱ ናቸው የገመቱት።»

«አንተስ? ሲገምቱ አፍ አልነበረህም?»

መልሱን እሷው ደረሰችበት፤ ታመምኩ ቢሉ ከተራው ያወጧቸዋል፤ መቅደሱን እስከ መጨረሻው መልቀቃቸው ነው። ስለዚህ ሚስታቸውን ለሐሜቱ ሰጧት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የሷ ባል ግን ለጅቡ በሩን ከፍቶ ነው የቆመው። በለጡ በዚያች ታክሲ ውስጥ ባሏን እንደዚያ ናቀችው፤ አለቃ ወልደሰንበትን እንኳ እንደዚያ ንቃቸው አታውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እሱን በሚስት ስም ለደበቀስ ምን ይባላል?

ከሦስት ቀን በኋላ ወደ «እርስዎ» ተመለሰች፤ አፏ ስለለመደ እንጂ ይቅር ስላለች አልነበረም።

«ሆዱ የተበሳ ቄስ ምን ያደርጋል?» ብለው ለቀዶ ጥገናው ሲያንገራግሩ፣ «ይኖራል» አለቻቸው። «ኖሮም ለነዚያ ሰዎች እውነቱን ይናገራል። እኔን ከአፋቸው ሳያወጡኝ መሞት የለብዎትም።»

«እሺ» አሉ። «እናገራለሁ።»

ተከፈቱ፤ ተሰፉ፤ ወደ ቤት መጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሰው አይነግረውም። ለጎናቸው መውጫ የሚታሰር ነገር ከሐኪም ቤቱ ጠፍቶ ስለነበር፣ በለጡ ያረጀ ነጠላዋን ቀድዳ፣ ከሥሩ የስኳር ላስቲክ ሰፍታ፣ በመቀነት የሚያዝ አበጀች። ቀን በቀን ታጥባለች፤ ቆዳቸው ሲላጥ ቅቤ ትቀባለች። ቄሱ መጀመሪያ ፊታቸውን በጋቢ ይሸፍኑ ነበር። «ይግለጡት» አለቻቸው። «የልጆቼን ስጠርግ አልሸፈኑም።» ስትናደድም ታጥባለች፤ ስትናደድ እንዲያውም ይበልጥ ይጠራል።

ካህናቱ ሊጠይቁ መጡ። ሽታው ገና ከደጅ ሲቀበላቸው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ያዙ፤ ለእንጀራዋና ለጠላዋ ሲሆን ግን ለቀቁት። አለቃ ወልደሰንበት ከበሩ አልፈው አልገቡም። እዚያው ሆነው፣ «እግዜር ይማርዎ፤ የመኝታ ነገር ሰውነትን ያደክማል እኮ፣ ነግረንዎት ነበር» አሉና በለጡን አይተው ፈገግ አሉ። ነቀርሳውንም የሷ ሥራ አደረጉት! በለጡ የያዘችውን ጣሳ ፊታቸው ላይ ልትደፋው ነበር፤ ቄሱ በዓይናቸው ስለለመኗት ነው የተወችው።

«ለምን አልተናገሩም?» ብላ ካህናቱ ሲሄዱ ጮኸችባቸው። «እዚህ ነበሩ እኮ!»

ቄሱ እስከዚያ ያልነገሯትን ነገሯት። ባለፈው የንግሥ ዕለት ካህናት ጎድለው ነበር፤ አንዱ ቀብር ሄዷል፣ አንዱ በኅብረት ሥራ ስብሰባ ተይዟል። እሳቸው ካልገቡ ቅዳሴው ይታጎላል፤ ሕዝቡ ከኮተቤና ከየካ ወጥቶ ግቢውን ሞልቷል። ጨርቅ ታጥቀው ገቡ። ደሙ እየፈሰሰ ቀደሱ።

«በሱ የተነሳ ነው» አሉ። «ታምሜ ነበር ብል አለቃ ይቆጥራሉ። ከመቼ ጀምሮ ይላሉ። በንግሡስ ይላሉ። ላንቺ ስል እናገራለሁ፤ ቃሌ ነው። ግን እንድታውቂው ብዬ ነው።»

በለጡ ማብራሪያ አላስፈለጋትም፤ የቄስ ልጅ ናት። ያ ከተሰማ ክህነታቸው ይያዛል። ጥቂት ወር ለቀረው ሰው መያዙ ምንም አልነበረም፤ የከፋው ሲሞቱ የሚሆነው ነው። ልብሰ ተክህኖ አይለብሱም፣ መቅደሱን አይዞሩም፤ አርባ ዓመት ያገለገሉበት ግቢ እንደ ማንም ሰው አጥሩ ሥር ይቀብራቸዋል። ቄሱ ከዚህ ሌላ የሚፈሩት ነገር አልነበራቸውም፤ ሞቱን እንኳ። እሷ ደግሞ ከስሟ ሌላ የቀራት ነገር የለም። «ይናገሩ» አላለችም፤ «ይተዉት»ም አላለች። እያለቀሰች ጨርቁን ልታጥብ ወጣች፤ ስላለቀሰችም ራሷን ናቀች።

ጥቅምት ላይ ቄሱ እንደማያገግሙ ለሁሉም ታወቀ። ካህናቱ ጸሎተ ቀንዲል ሊያደርሱላቸው መጡ። ጸሎቱ ከደጅ ስለማይደርስ በዚህ ጊዜ ሽታውን ችለው ሁሉም ገቡ። ዘይቱ ተባርኮ ግንባራቸውንና እጃቸውን ተቀቡ። ጸሎቱ ሲያበቃ ቄሱ በክንዳቸው ተደግፈው ቀና ለማለት ታገሉ።

«አባቶቼ፣ አንድ የምናገረው አለኝ» አሉ። «ከቅዳሴ ስቀር ስለነበረው ነው። በለጡ ላይ የተወራው...»

አለቃ ወልደሰንበት ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ወራት ሙሉ ከበር አላልፍ ያሉት ሰው አሁን መደቡ ጫፍ ላይ ደረሱ። ፊታቸው ድግስ ቤት ወጥ ሲወጣ የሚሆነውን ሆነ። በለጡ ያንን ፊት አየችው። ባሏ ደግሞ ላብ አጥምቋቸው ቃላቸውን ሊፈጽሙ ሲጣጣሩ አየች። ለማን ነው የሚናገሩት? ለዚህ ሰው? እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቃጠለችው እነዚህ እንዲያከብሯት ነው? እነሱ ቢያከብሯት ምን ታደርገዋለች?

«ይተኙ እርስዎ፣ እኔው ልናገር» አለችና ቄሱን በትከሻቸው መልሳ አስተኛቻቸው።

ከዚያ ቀና ብላ አለቃን አየቻቸው።

«የተወራው እውነት ነው» አለች። «ቄሱን ከቅዳሴ የማስቀራቸው እኔ ነበርኩ። ባሌ ናቸው፤ ያምሩኛል። እሳቸው ሕጉን አክብረው ውጭ ቆሙ፤ እኔ አልቆምኩም። ኃጢአቱ የኔ ነው፤ ለብቻዬ እመልስበታለሁ። ሌላ የሚጠየቅ አለ?»

ካህናቱ መሬት መሬት አዩ። ለሳቅ የለመዱት ነገር እንዲህ ዓይን ለዓይን ሲያያቸው የሚያደርጉት ጠፋቸው። አለቃም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ከማለት ሌላ አልሆነላቸውም።

«አሜን» አለች በለጡ። «በሉ ውጡልኝ፣ ጨርቃቸውን ልቀይር ነው።»

ሲወጡ ቄሱ እጇን ያዙ። እንባቸው ወደ ጆሯቸው ይወርድ ነበር። «ስምሽን ጣልሽው» አሏት።

«እነሱ ጋ ነው የጣልኩት» አለች መቀነቱን እየፈታች። «እነሱ ጋ የተቀመጠ ነገር አልፈልግም።» ከዚያ ሳታስበው፣ ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ያላለችውን፣ እወድዎታለሁ አለቻቸው፤ ተቆጥታ ነው ያለችው።

ኅዳር ውስጥ ቄስ ወልደ ኢየሱስ አረፉ። ልብሰ ተክህኗቸውን አልብሰው፣ መስቀላቸውን አስይዘው፣ ካህናቱ ሁሉ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ አዞሯቸው። አለቃ ወልደሰንበት ሰው እስኪገረም ድረስ አለቀሱ። ከበለጡ ኋላ ካሉት ሴቶች አንዷ ለሌላዋ፣ «ያቺ ናት እኮ፤ በአፏ ነው የተናገረችው» ስትል ሰማች። በለጡ ዞር ብላ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና አስከሬኑን ተከትላ ቀና ብላ ሄደች።