ሦስት ከምናምን

የሺዓለም ደብተሯን ፍሙ ላይ ወረወረችው።

ባሏ ሐዱሽ የሙሽራ ቀለበት እየሞረደ ነበር። ሞረዱንም ቀለበቱንም ጥሎ እጁን እሳት ውስጥ ሰደደ። ወርቅ ሠሪ እሳት አይፈራም ይባላል። ውሸት ነው፣ በደንብ ይፈራል። ግን ደብተሩን ማን ያውጣው? ሲያወጣው አንዱ ጥጉ እንደ ዳቦ ቅርፊት ጠቁሯል።

"አብደሻል?" አለ ጣቱን እየላሰ።

"አላበድኩም፣ ጨርሻለሁ። የማታ ትምህርት የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጆሮዬ እንዳልሰማ።"

ሰዓቱ ገና አስር ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው አስራ ሁለት ላይ፣ አምስት ኪሎ። የሺ ሁልጊዜ እሪ በከንቱ ካለው ቤታቸው ወጥታ፣ ፒያሳ እሱ ሱቅ ጎራ ትልና፣ ከጎኑ ተቀምጣ አጥንታ ነው የምትሄደው። ሱቅ ካልነው ነው እንግዲህ። ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚያወራባት ናት።

"ማን ምን አለሽ?"

"ትናንት ህንዱ አስተማሪያችን ክብ ሳሉ አለ። ሁሉም ኮምፓሱን አወጣ። እኔ ቦርሳዬን ብገለብጥ፣ ባራግፍ፣ የለም! በይ ሰሌዳው ላይ በእጅሽ ሳዪ አለኝ። ሳልኩ።"

"እሺ?"

"ድንች ሆነ።"

ሐዱሽ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ።

"ሳቅ፣ ሳቅ! እነሱም ስቀዋል። ጺም ያላወጣው ሁሉ 'እማማ፣ ለወጥ ነው?' አለኝ። እኔ እማማ! በሃያ አራት ዓመቴ! እሱንም ዋጥኩት። ከዚያ ደግሞ አፌ አላርፍ አለኝና፣ ይሄ የክብ ዙሪያ የምናሰላበት ሃያ ሁለት በሰባት ከየት መጣ? ሃያ ሦስት ያልሆነው ለምንድን ነው? ብዬ ጠየቅኩ። 'ዝም ብለሽ በቃልሽ ያዢ' አለኝ። ዳዊት መሰለው እንዴ? እንደገና ሳቁ።" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "በቃ ተውኩት። ደስ ይበልህ፣ ከዛሬ ጀምሮ እራትህን ትኩስ ትበላለህ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ኮምፓሱ ሐዱሽ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ጎረቤቱ ሸምሰዲን ነው። ሸምሰዲን ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጨርቁን በክንድ፣ ሰውን በምላስ ይለካል። ከወር በፊት "አንተ ፊደል ያልቆጠርክ፣ ሚስትህ ማትሪክ ስታልፍ ከረባት ያሰረ ነው የምታገባው። አንተን ቦርሳ ተሸካሚ ታደርግሃለች፣ ያውም ካዘነችልህ!" አለው። ቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን ገብቶ ሆዱ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሐዱሽ አንድ ቀን የቤቱን ሰዓት ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። አንድ ቀን እርሳሶቿን ጫፍ ጫፋቸውን ሰበረ። ትናንት ጠዋት ደግሞ ኮምፓሷን ደበቀ። ተንኮል ድሮም ይወዳል፣ ምን ይደረግ።

አሁን የፈለገው ሁሉ ሆነለት። ሚስቱ እቤት፣ እራቱ ትኩስ፣ ከረባቱ ገደል ገባ። ደስ እስኪለው ጠበቀ። ደስታው የት እንደሄደ እንጃ።

ደብተሩን ገለጠው። ማንበብ ባይችልም ክብ ያውቃል። ሁለት ገጽ ሙሉ በእጇ የሳለችው ክብ ነው። አንዱ ድንች፣ አንዱ እንቁላል፣ አንዱ የተረገጠ ሎሚ። ታች ያሉት ግን ትንሽ ትንሽ ክብ ክብ ብለዋል። ትናንት ማታ፣ እሱ ሲያንኮራፋ፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ ነው።

"ምንድን ነው እሱ ሃያ ሁለት ምናምን ያልሽው?" አለ።

"ምን ያደርግልሃል?"

"ለወሬ።"

"የክቡን ወርድ ታውቃለህ እንበል፣ ከዳር እዳር። ዙሪያው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ወርዱን በሱ ታበዛዋለህ።"

"ዋይ! ይሄን ፍለጋ ነው አምስት ኪሎ ድረስ የምትወጪው? ወርዱን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ የእግዜር ድርሻ!"

"የምን ድርሻ?"

"ለቀለበት ሽቦ ስቆርጥ እኮ። አክሱም እያለን አቦይ እንዲህ ነው ያስተማረኝ። የጣቱን ወርድ ሦስት ጊዜ ለካ፣ ሦስቱ የቀለበቱ ነው። ከዚያ ትንሽ ጨምር፣ እሱ የእግዜር ነው። ሰስተህ የእሱን ካስቀረህ ቀለበቱ አፉ አይገጥምም።"

"ትንሽ ስንት ነው?"

"ትንሽ ነዋ! ዓይን ያውቀዋል።"

የሺዓለም ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች። "ሽቦ አምጣ።"

የመዳብ ሽቦ ሰጣት። ከባንኮኒው ላይ ባዶ ጣሳ አንስታ ሽቦውን አንድ ዙር አዞረችበትና ልክ ላይ ቆረጠች። ከዚያ አቃናችው። ጣሳውን ገልብጣ፣ ቂጡ ላይ ከዳር እዳር ሽቦውን ለካች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ትንሽዬ ተረፈች። የተረፈችውን ቆረጠችና፣ እሷን ደግሞ በወርዱ ላይ እያዘዋወረች ቆጠረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

"ሰባት ጊዜ" አለች ቀስ ብላ። "ሰባት ጊዜ ገባች!"

"እና?"

"እናማ! ወርዱን ሰባት ቦታ ብትከፍለው፣ ሦስት ወርድ ሃያ አንድ ነው። የእግዜር ድርሻ ደግሞ አንድ። ሃያ ሁለት! ሃያ ሁለት በሰባት!"

የሻይ ብርጭቆውን ለኩ። ያው ነው። የከሰሉን ማንደጃ ለኩ። ያው ነው። የሐዱሽ ባርኔጣ ብቻ እምቢ አለች።

"ባርኔጣዋ ምን ሆና ነው?" አለ።

"እሷ ምን ታድርግ? ጭንቅላትህ ክብ አይደለም።"

ሁለቱም ሳቁ። ከትናንት ወዲህ ስትስቅ ገና አሁን መሆኑ ነው።

"አባትህ ተምረዋል እንዴ?"

"አቦይ? ስሙን መጻፍ አይችልም።"

"ዛሬ ለአስተማሪው እነግረዋለሁ። ከየት እንደመጣ ደርሼበታለሁ እለዋለሁ!"

ዛሬ አለች። ከአፏ ሲወጣ ሁለቱም ሰሙት። ደብተሯን አመዱን አራገፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ስትል ፊቷ ጠቆረ።

"ዛሬም ግን ክብ ነው። ያለ ኮምፓስ ብገባ እንደገና ሰሌዳ፣ እንደገና ድንች።"

ሐዱሽ መሳቢያዋን በዓይኑ ጥግ አያት። ዝም ካለ ማንም አያውቅም። መሳቢያዋን ሳባት።

የሺዓለም ኮምፓሱን አየችው። እሱን አየችው።

"ሰዓቱም አንተ ነህ?"

"ሰዓቱም።"

"እርሳሱም?"

"እርሳሱም።"

"ለምን?"

"ጥለሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ።"

"ወዴት?"

"እኔ እንጃ። ከረባት ወዳለበት።"

ኮምፓሱን ከመሳቢያው አነሳችና በሹሉ በኩል ክንዱን ወጋ አደረገችው።

"ዋይ!"

"ይሄ ለድንቹ ነው" አለች። "እራትህን ደግሞ እስከ ማትሪክ ቀዝቃዛ ትበላለህ።"

"እሺ።"

"እኔ የትም አልሄድም፣ አንተ ጅል። ማታ ማታ አምስት ኪሎ ብቻ።"

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ገዢ በሚመጣበት ሰዓት፣ ሐዱሽ ሱቁን ቆለፈ። የሺ ቦርሳዋን ልታነሳ ስትል ቀደማት።

ሸምሰዲን በሩ ላይ ቆሞ ጨርቅ ያጥፋል። "ኧረ ሐዱሽ! እሷ ማትሪኩን ሳታልፍ መሸከሙን ጀመርከው እንዴ?"

ሐዱሽ ቦርሳውን ከግራ ትከሻው አነሳና፣ ሸምሰዲን በደንብ እንዲያየው፣ በእሱ በኩል ባለው በቀኙ አንግቶ ከሚስቱ ጋር ዳገቱን ያዘ።